መግቢያው ስንት ነው? መንገዱስ?

(በሰኔ 2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ሦስት አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



እኛ ሦስታችን ባለፈው ጥር የተመረጥነው ልጆችን በዕረፍት ጊዜ ማዝናናት ስንት እንደሚያስወጣ፣ ማኅበሩም በዚህ ጉዳይ ምን ማድረግ እንዳለበት አጥንተን እንድናቀርብ ነው። "የሽርሽር ኮሚቴ" እያላችሁ ስትስቁብን ከርማችኋል። ምንም አይደለም፣ ስሙን ወደነዋል። ነገሩ የተጀመረው ግን በሳቅ ስላልነበረ ከመጀመሪያው እንነሳ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት መምህራን ለልጆች የሚሰጧት አንዲት የድርሰት ርዕስ አለች፤ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። "የክረምት ዕረፍቴን እንዴት አሳለፍኩ?" የምትል ናት። ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ፣ አራተኛ ክፍል ናት፣ ዱባይ ሄጄ ትልቅ መጫወቻ ገባሁ ብላ ጻፈች። ክረምቱን ያሳለፈችው ገርጂ፣ እናቷ ሱቅ ውስጥ፣ ስኳር በፌስታል እየቋጠረች ነው። መምህሯ ድርሰቱ ጥሩ ነው ብላ ለክፍሉ አስነበበቻት። ጎረቤቷ የሆነ ልጅ ተነስቶ "ውሸቷን ነው፣ እኔ በየቀኑ አያታለሁ" አለ። የሆነውን መገመት አያቅታችሁም።

እናቷ ከማኅበሩ ሣጥን 15,000 ብር ተበደረች። ለሱቅ ዕቃ ነው አለችን፤ ፈረምን፣ ሰጠን። ለገና ዕረፍት ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ ቢሾፍቱ ሪዞርት ገባች፣ አንድ ሌሊት አደሩ። ከዚያ ክፍያው ዘገየ፣ ሱቁም ዕቃ አጠረው፣ ነገሩ ታወቀ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ምን ምን እንደተባለ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። አንዳንዶቻችን ዛሬ መልሰን ብናነበው እናፍራለን። እኛ ሦስታችንም ከተናገሩት መካከል ነበርን።

ይህንን ታሪክ የምንናገረው በራሷ ፈቃድ ነው። እንዲያውም ሂሳቧን በደብተር ይዛ ስለነበር ለጥናታችን የመጀመሪያውን ወረቀት የሰጠችን እሷ ናት። ክፍሉ 6,800 ብር። የአራት ሰው ምግብና መጠጥ 4,900። የመኪና ኮንትራት 2,200። ለዋናና ለልጆች መጫወቻ 1,100። ድምሩ 15,000፣ ሳንቲም አልተረፈም። ደብተሩን ስታሳየን በጣቷ የመጨረሻዋን መስመር እየነካች "ልጆቼ የሚያወሩት ስለዚችኛዋ ብቻ ነው" አለችን። 1,100ዋን ነው። አልጋውን ማንም አያነሳውም።

ከዚያ በኋላ እኛም ዓለም ላይ ያለውን ለማየት ተነሳን። ከመካከላችን የአንዷ ልጅ ኮምፒውተር ቤት ትሠራለችና ማታ ማታ እየፈለገች አነበበችልን። ስለ ዲዝኒላንድ ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። የመጀመሪያው ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1955 ተከፈተ። ሁለተኛው ፍሎሪዳ በ1971፣ ከዚያ ቶኪዮ በ1983፣ ፓሪስ በ1992፣ ሆንግ ኮንግ በ2005፣ ሻንጋይ በ2016። ከመጫወቻው ጎን ሆቴል አለ፣ ከሆቴሉ ጎን ሌላ ሆቴል አለ፣ ገንዘባችሁ ከግቢው ሳይወጣ እዚያው እንዲያልቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህንን ለነቀፋ አይደለም የምንለው፤ ንግድ ነው፣ እኛም ነጋዴዎች ነን።

ሲከፈት መግቢያው ለአዋቂ አንድ ዶላር ነበር። ግን በዶላሯ የሚገባው ወደ ግቢው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ መጫወቻ ለብቻው ኩፖን ይገዛል። ልክ እንደ እኛ ሰፈር ማለት ነው፤ እዚህ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ልጅ ይዘን ስንገባ ለአንዱ ዙር፣ ለሌላው ዙር እያልን እንደምንከፍለው። እነሱ ኩፖኑን በ1982 ተዉት፤ አሁን በሩ ላይ አንዴ ይከፈላል፣ ከዚያ ልጁ እስኪደክመው ይጫወታል።

የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ እኛ ሦስታችን አልተስማማንም። አንዷ ኩፖኑ ይሻላል ትላለች፣ ኪስሽን አይተሽ ታቆሚያለሽና። ሁለታችን ግን በዚህ አንስማማም። በኩፖን ቤት እናት ቀኑን ሙሉ የምትሠራው ሥራ "አይሆንም" ማለት ነው። "እማዬ ያኛውን?" አይሆንም። "አንዴ ብቻ?" አይሆንም። ለማዝናናት ወስደነው አስለቅሰነው እንመለሳለን። በሩ ላይ አንዴ ተከፍሎ ቢያልቅ ቢያንስ የሚያሳዝነን አንዴ ነው።

ወደ ዛሬው ዋጋ እንምጣ። ካሊፎርኒያ ያለው ዲዝኒላንድ ዋጋውን እንደ ቀኑ ይቀያይራል። ሰው በማይበዛበት ቀን ለአዋቂ 104 ዶላር ነው፣ በበዓልና በዕረፍት ሰሞን ከዚያ እጅግ ይወጣል። ለልጅ የሚቀንሰው ጥቂት ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነፃ ይገባል። የቶኪዮው ለአዋቂ ከ7,900 እስከ 10,900 የን ነው። አቡዳቢ ያስ ደሴት ላይ ያለው፣ በ2010 የተከፈተው ፌራሪ ወርልድ፣ ለአንድ ሰው ከ300 ድርሃም በላይ ያስከፍላል።

104 ዶላርን ወደ ብር እንምታው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ከመቀየሩ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የአንድ ሰው መግቢያ 5,900 ብር ይሆን ነበር ማለት ነው። በ120 ብር ብንመታው 12,480 ነው። ለአራት ሰው ወደ 50,000 ብር ይጠጋል። አውሮፕላን የለበትም፣ ቪዛ የለበትም፣ አልጋ የለበትም፣ በሩን መርገጫ ብቻ። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ከፍ ብሎ ነበር። የአሥር ወር ደመወዝ በር ላይ አለቀ ማለት ነው።

እዚህ ስንደርስ ጥናቱን ዘግተን "የእኛ አይደለም" ብለን ልንመጣ ነበር። በዕድሜ ታላቃችን የሆኑት እናት፣ ታውቋቸዋላችሁ፣ ሲሰሙን ቆይተው "እዚያ ያለችው ድሃስ በስንት ቀን ሥራ ነው የምትገባው?" አሉን። ጥያቄው ጥሩ ስለነበር እንደገና ተቀመጥን።

ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2024 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 16 ዶላር ነበር። ስለዚህ በዝቅተኛ ክፍያ የምትሠራ ሴት ለርካሹ ትኬት የምትሠራው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ቶኪዮ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 1,163 የን ነበር፤ 7,900 የን ለማግኘት ሰባት ሰዓት የማይሞላ ሥራ ይበቃል። ሁለቱም ዘንድ አንድ የሥራ ቀን መሆኑ ነው። ካሊፎርኒያ ያለችው እናት ለራሷ አንድ ቀን፣ ለልጇም ወደ አንድ ቀን የሚጠጋ ትሠራለች። ቀላል አይደለም፣ ግን የሚደረስበት ነው። ቨርጂኒያ የምትኖር የአንዷ አባላችን እህት ልጆቿን ፍሎሪዳ ለመውሰድ ሁለት ዓመት እንዳጠራቀመች ነግራናለች። ሦስት ቀን ሙሉ ዳቦና ሙዝ በቦርሳ ይዘው ገቡ። ፍሎሪዳ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ቶኪዮ ግን ምሳ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ከበሩ ውጭ መመገቢያ ቦታ አለ። ይህቺን "ምግብ ይዞ መግባት" የምትል ነገር ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

ስለ ዓረብ አገሩ ፓርክ ዋጋውን ካነበብን በኋላ ከመካከላችን አንዷ "እኔ ገብቼበታለሁ" አለች። ደነገጥን። ለአራት ዓመት ከሰው ቤት ስትሠራ የማዳሟን ልጆች ይዛ ሦስት ጊዜ ገብታለች። ደመወዟ በወር 900 ድርሃም ነበር። ትኬቷን የከፈለችው ማዳሟ ናት። "ምን ላይ ወጣሽ?" አልናት። "ምንም ላይ። ቦርሳ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል" አለች። እንደዚህ ያሉ ቦታዎች ልጆቹ ሲጫወቱ ፎቶ አንስተው መውጫው ላይ ይሸጣሉ። ማዳሟ ከገዛቻቸው ፎቶዎች አንዱን ልጆቹ ለእሷ ሰጧት፣ ይወዷት ነበር። ፎቶውን አምጥታ አሳየችን። ሁለት ልጆች እየሳቁ ይታያሉ፤ በጠርዙ በኩል ደግሞ የሕፃን ጋሪ እጀታ የያዘ አንድ እጅ አለ። "ይሄ እኔ ነኝ" አለች። በዚያው ዓመት የራሷ ልጅ እዚህ፣ ጃክሮስ፣ ከአያቱ ጋር ነበር። ዛሬ 14 ዓመቱ ነው፣ ሽርሽር ትሄዳለህ ወይ ሲሉት "ትልቅ ሆኛለሁ" ይላል።

እንግዲህ በወረቀት ብቻ እንዳይሆን ራሳችን ሞከርነው። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ላይ፣ ሐሙስ የካቲት 6፣ ነነዌ በተፈታበት ቀን፣ 22 ልጆችና 5 እናቶች ሆነን ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ዋልን። ጊዜውን የመረጥነው አስበን ነው። የኛ ረጅሙ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ ዝናብና በረዶ፣ ጭቃ። ፈረንጅ በበጋው ሲዝናና የኛ ልጆች ዕረፍት በመስኮት ዝናብ ማየት ነው። የየካቲቷ አጭር ዕረፍት ግን ፀሐይ ናት፤ የሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ ግርግር የለም።

ከኢምፔሪያል የተነሳነው ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ልጅ ቀለበት መንገዱን ሳንጨርስ አስመለሰው፣ ሌላው አዩትና አስመለሰው፤ ፌስታል በብዛት መያዝ እንዳለበት ያን ቀን ተምረናል። ሐይቁ እንደደረስን ግን ያ ሁሉ ተረሳ። የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ከዳር ጥቂት ራቅ ሲሉ ይጠልቃሉ፤ ስለዚህ ማንም ልጅ ሐይቁ ውስጥ አልገባም፣ በጀልባ ዞሩ፣ በሕፃናት ገንዳ ተንቦጫረቁ። ከ22ቱ 17ቱ ጀልባ ላይ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ከአምስታችን እናቶች ደግሞ አራታችን።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ቅጥቅጥ መኪና ከነነዳጁና ከነፈጣን መንገዱ ክፍያ 8,500 ብር። መግቢያ ለልጅ 100፣ ለአዋቂ 150፣ በጠቅላላው 2,950። ቤት ያዘጋጀነው ምግብ፣ ድንች ወጥ፣ ቅቅል እንቁላል፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ 3,400። ውሃና ለስላሳ 1,150። የልጆች ጀልባ 1,100። ድምሩ 17,100 ብር ነው፤ ለአንድ ልጅ ስናካፍለው 777 ብር። ነገር ግን እኛ አምስታችን ያን ቀን አልሠራንም። እንጀራ የምትጋግረው አልጋገረችም፣ ጉልት የምትቸረችረው አልወጣችም፣ ፀጉር የምትሠራዋ ደንበኛ መልሳለች። ያን ስንደምር 2,600 ብር ሆነ። ይህንን ሂሳብ ውስጥ አታስገቡ ያላችሁን አሉ። የእናት ቀን ነፃ ነው እንዴ? አስገብተነዋል። ለአንድ ልጅ 895 ብር መጣ።

አሁን የታላቃችንን ጥያቄ ለራሳችን እንጠይቅ። 4,760 ብር በ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 183 ብር ነው። የልጅ መግቢያው 100 ብር፣ የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነው። በሥራ ቀን ብንለካው የኛ በር ከካሊፎርኒያው ይረክሳል! ይህንን ስናገኝ ራሳችንም አላመንንም፣ ሦስት ጊዜ ደምረናል። ነገር ግን 895ቱ የአምስት ቀን ሥራ ሊሆን ምንም አይቀረው። ልጅን የሚያስቀረው መግቢያው አይደለም። ሂሳባችንን እዩት፣ መግቢያው ከስድስት ብር አንድ ብር ብቻ ነው፤ ከወጪው ግማሹ መኪና ነው። የእህታችንንም ደብተር እዩት፤ አልጋና ምግብ ነው ገንዘቧን የበላው።

ምግብን በተመለከተ፣ ከመሄዳችን በፊት ስልክ ከደወልንላቸው ቦታዎች ግማሾቹ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው አሉን። አንዱ ቦታ ለልጆች ብቻ እንፈቅዳለን አለ፣ እዚያ ሄድን። እዚያው ምሳ ብንገዛ ኖሮ 3,400ው ሦስት እጥፍ እንደሚሆን የምግብ ዝርዝራቸውን አይተን አስልተናል። ስለዚህ ለማንኛችሁም፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለመሄድ ስታስቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት "መግቢያው ስንት ነው?" ሳይሆን "ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል ወይ?" ይሁን።

ደጋፊዎቻችን ደብዳቤ ጽፋችሁልናል፣ እንመልሳለን። "የላክነው ገንዘብ ለሽርሽር ዋለ ወይ?" ላላችሁ፣ አልዋለም። ለሥልጠናና ለተዘዋዋሪ ብድር የሰጣችሁት ገንዘብ አንድም ብር አልተነካም፤ የየካቲቱን ወጪ የሸፈኑት የሄዱት ልጆች ወላጆችና ከበዓል ቡና ሽያጭ የተረፈ ገንዘብ ነው። "ልጆችን ማዝናናት ከቁም ነገር አይቆጠርም" ላላችሁት ግን እንደ እናት ቅር ብሎናል። ልጅቷ የጻፈችውን ድርሰት አስቡልን።

ያቀረብነውና ዛሬ ጠዋት በድምፅ ያጸደቃችሁት ይህ ነው። ለሽርሽር ብድር አይሰጥም። ይህ ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም፤ 15,000ው ከነወለዱ ግንቦት ላይ ተከፍሎ አልቋል። በብድሩ ፋንታ የልጆች ሣጥን ከዋናው ቁጠባ ተለይቶ ይከፈታል፤ ለአንድ ልጅ በሳምንት 20 ብር። በ50 ሳምንት 1,000 ብር ነው፣ 895ቷን ይሸፍናል፣ ዋጋ ቢጨምርም ትንሽ መተንፈሻ አለው። ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ያላት አባል የሁለት ልጅ ብቻ ትከፍላለች። በዚህ ላይ የተከራከራችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፣ ክርክሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል።

ከደጋፊዎቻችን የምንጠይቀው ገንዘብ አይደለም፣ ሰርቪስ ነው። እዚህ ቦሌ፣ ገርጂና መገናኛ ዙሪያ የሠራተኛ ሰርቪስ ያላቸው ድርጅቶች ሞልተዋል፣ ብዙዎቹ መኪኖች እሁድ ቆመው ይውላሉ። ነዳጁንና የሹፌሩን አበል እኛ እንችላለን። አንድ እሁድ አንድ መኪና የሚያውሰን ከተገኘ ወጪያችን በብዙ ይቀንሳል፣ በ22 ልጅ ፋንታ 30ና 35 ልጅ መውሰድ እንችላለን። እሁድ ሰው ይበዛል፣ እሱን እንችለዋለን። ጥያቄያችንን በጽሑፍ ለሰባት ድርጅቶች አስገብተናል፤ ሁለቱ ቀጠሮ ሰጥተውናል።

እስከ የካቲት ልጆቹ ዝም ብለው አይቀመጡም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ መስከረም የድርሰት ርዕሷ ከመምጣቷ በፊት፣ ከተማ ውስጥ አንድ ቀን እንውላለን። የኮንትራት መኪና አያስፈልግም፤ በከተማ አውቶቡስ ነው። ቦታው አራት ኪሎ ያለው አንድነት ፓርክ እንዲሆን ብዙዎቻችሁ መርጣችኋል፤ መስከረም 2012 ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር፣ የዛሬውን ሄደን ጠይቀን በማስታወቂያ ሰሌዳ እንለጥፋለን። ታላቃችን በልጅነታቸው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ በአባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው አንበሳ ማየታቸውን ሲያወሩ ሰምተን ሊጠግቡት እንዳልቻሉ አይተናል፤ እሳቸውም ከልጆቹ ጋር ተመዝግበዋል። የልጅ ይከፈልልኝ ብለዋል፤ ኮሚቴው ገና እየተወያየበት ነው።

መመዝገቢያው ከሒሳብ ሹሟ ዘንድ ነው። የልጁን ስም፣ ዕድሜና የማይስማማውን ምግብ አስጽፉ። መኪና የሚያዞረው ልጅ ካለ ከአሁኑ ንገሩን፣ ከፊት እናስቀምጠዋለን። ፌስታል እኛ እንይዛለን።